ለእማዬ ዕቃ ፍለጋ፦ ከሐዋሳ አዲስ አበባ የአንድ ሳምንት ማስታወሻ

ሰኞ

ከሐዋሳ የወጣነው ሌሊት 11 ሰዓት ነው፣ ቃሊቲ መናኸሪያ ስንደርስ 5 ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም። የመጣሁት ለሰርግም ለለቅሶም አይደለም፣ ለእማዬ ዕቃ ልገዛ ነው። እማዬ 71 አመቷ ነው፣ ከኔ ጋር ነው ምትኖረው፣ ግላኮማ አይኗን እየወሰደባት ነው፣ ሀኪሙም ጠብታው ያለውን ያቆያል እንጂ የሄደውን አይመልስም ብሎ በግልፅ ነግሮናል። አሁን ብርሃንና ጥላ ትለያለች፣ ቀይ ሹራቤን ከለበስኩ እኔ መሆኔን ታውቃለች፣ ከዛ ውጪ ቤቱን ምትመራው በጆሮዋና በእጇ ነው። ደሞ ቁጭ በዪ ቢሏት አትቀመጥም፣ ቡናዋን ራሷ ታፈላለች ሽንኩርቷን ራሷ ትከትፋለች፣ እኔም እንድትቀመጥ አልፈልግም። ግን አስተማሪ ነኝና ቀኑን ሙሉ ቤት የለሁም፣ ክፍል ውስጥ ቆሜ ሀሳቤ እሷ ጋ ነው።

የግማሽ አመት እረፍት ስለሆነ አንድ ሳምንት አለኝ። ከመምጣቴ በፊት ደብተር ላይ የፃፍኩት የዕቃ ስም አይደለም፣ እማዬ በሳምንት ውስጥ የተቸገረችበትን ነገር ነው የፃፍኩት። ስልክ ሲጠራ ማን እንደሆነ አታውቅም። ውሃ ሌሊት ሲመጣ ሮቶው ሞልቶ ጎረቤት ግቢ ድረስ ሲፈስ አታይም። የደም ግፊቷን ለማስለካት ፀሀይ ላይ ክሊኒክ ድረስ ትሄዳለች። መብራት ሲሄድ ለሷ ለውጥ የለውም፣ ልጆቹ በጨለማ ከሰሉን እንዳይረግጡት ነው ምትሰጋው። የኤሌክትሪክ ምጣዱ ደሞ ዲቫይደር አቅልጦ ሁለቴ አስደንግጦናል። ችግሩን ይዤ ገበያ ልውጣ ያልኩት ለዚ ነው፣ የዕቃ ስም ይዞ የሚወጣ ሰው ሻጩ ያለውን ይዞ ነው ሚመለሰው።

ከቃሊቲ ሰማያዊውን ባቡር ያዝኩ፣ በ2008 መስከረም ስራ ሲጀምር መጀመሪያ የተከፈተው ይሄ የሰሜን ደቡብ መስመር ነው፣ እህቴ ልደታ ኮንዶሚኒየም ስለምትኖር ሳልቀይር በቀጥታ ያደርሰኛል። ሰው ሞልቶ ነበር፣ አጠገቤ ነጭ ዘንግ የያዘ ወጣት ቆሟል፣ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ በጣቱ ጠረግ ጠረግ ያደርጋል፣ ከስልኩ ሚወጣው ድምፅ ከመፍጠኑ የተነሳ ለኔ የዝንብ ድምፅ ነው። ጠየኩት። ስድስት ኪሎ ህግ ተማሪ ነው፣ ስክሪኑ ላይ ያለውን ሁሉ እያነበበለት ነው፣ መልዕክት፣ የሚደውለውን ሰው ስም፣ የባንክ ሂሳቡን ሳይቀር።

«ስንት ይሸጣል ይሄ ነገር?» ስለው ሳቀ።

«እህቴ ይሄ እኮ አይሸጥም፣ አንድሮይድ ስልክ ካለሽ ውስጡ አለ፣ ቶክባክ ነው ስሙ። ለአማርኛው ግን ኢስፒክ ሚባለውን ጫኚበት፣ እሱም ነፃ ነው። ድምፁ የሰው አይመስልም ግን ያነባል። ለእናትሽ ፍጥነቱን ቀንሰሽ ጀምሪላት፣ እኔም መጀመሪያ ቀስ ብዬ ነበር።»

ስቴዲየም ጋ ወረደ። ሰባት አመት አንድሮይድ ስልክ ይዣለሁ፣ እዛ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን ማንም ነግሮኝ አያውቅም፣ ከልደታ ወርጄ እስከ እህቴ ቤት ድረስ ይሄን እያሰብኩ ነው የሄድኩት።

ማክሰኞ

የእህቴ ልጅ 10ኛ ክፍል ነው፣ ትምህርት ቤታቸው የሮቦቲክስ ክበብ አላቸው። ጠዋት ቁርስ ሳንበላ ነው ሮቦቱን ሳሎን ያወጣው። ከጫማ ካርቶን ያንሳል፣ ሁለት ጎማ፣ አራት የባትሪ ድንጋይ፣ መሀሉ ላይ ሮቦቱን ሚያዘው አርዱይኖ ሚሉት ሰማያዊ ሰሌዳ፣ ፊቱ ላይ ደሞ ሁለት ክብ አይን የመሰለ ነገር። ለካ አይን አይደለም፣ አንዱ አፍ አንዱ ጆሮ ነው። አንደኛው 40 ኪሎኸርዝ ድምፅ ይለቃል፣ የኛ ጆሮ ከ20 በላይ ስለማይሰማ አንሰማውም፣ ድምፁ ግድግዳ ነክቶ ሲመለስ ሁለተኛው ይቀበለዋል። ድምፅ በአየር ላይ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ስለሚሄድ የፈጀውን ጊዜ በዛ አባዝቶ ለሁለት ሲያካፍለው ግድግዳው ስንት ሴንቲ ሜትር ላይ እንዳለ ያውቃል። ሶፋው ጋ 20 ሴንቲ ሲቀረው ይቆምና ይዞራል። እጄን ፊቱ ሳደርግለት ቆመ፣ ሳነሳ ሄደ። ሂሳቡን ክፍል ውስጥ አስተምረዋለሁ ግን መሬት ላይ ሲሄድ ሳየው ሌላ ነው።

ከዛ በእግር ከአምስት ኪሎ ወደ አራት ኪሎ ወረድን፣ የሳይንስ ሙዚየሙን ሊያሳየኝ። በ2015 መስከረም የተከፈተው ክቡ ህንፃ ነው፣ ወዳጅነት ፓርክ አካባቢ። በመንገዳችን ላይ ስለ ሶፊያ አጫወተኝ፣ በ2010 አዲስ አበባ የመጣችው ሮቦት፣ እሱ ያኔ ገና ህፃን ነው፣ ያየው ቪዲዮዋን ነው። የሰራት ሆንግ ኮንግ ያለው ሀንሰን ሮቦቲክስ ነው፣ ከሶፍትዌሯ ውስጥ ግን እዚሁ አዲስ አበባ አይኮግ ላብስ ያሉ ልጆች የሰሩት አለ። ይሄን ሲነግረኝ አገጩን ቀና አርጎ ነው፣ እኔም ኮራሁ፣ አይኮግ በ2013 እንደ ፈረንጆቹ ሲቋቋም እዚ ሀገር አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ስራ ነው ቢሉት ማን ያምን ነበር።

ግን ለሱም ነገርኩት፣ የሰው ፊት ያለው ሮቦት ለእማዬ ምን ያረግላታል? ፊቱን አታየውም እኮ። እማዬ ምትፈልገው ሚሰማ፣ ሚዳሰስና የሚታመን ነገር ነው። ልጁ ዝም ብሎ ሰማኝ፣ ሙዚየሙ ውስጥም ብዙ አላወራም።

ማታ እራት ላይ ግን እኔው ነኝ ያነሳሁት። ሮቦቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፣ እነዛ ሁለት ክቦች ወደኔ ዞረዋል።

«ይሄን ወደ ታች ብታዞረውስ?» አልኩት።

«ወደ ታች ወዴት አክስቴ?»

«ወደ ውሃ። የእማዬ ሮቶ ውስጥ።»

እንጀራውን እንደያዘ ቀረ። ከዛ ብድግ ብሎ ደብተር ሊያመጣ ሄደ።

ረቡዕ

መርካቶ። ለምጣዱ ነው የሄድነው፣ እህቴም ፈቃድ ወስዳ አብራን መጣች፣ ያለሷ መርካቶ መግባት አልደፍርም። መጀመሪያ ምናለሽ ተራን አቋርጠን ነው ያለፍነው፣ እዛ ሚጣል ነገር የለም፣ በርሜሉ ምድጃ ይሆናል ቆርቆሮው ባልዲ ይሆናል፣ መዶሻው ጆሮ ያደነቁራል። ከዛ ወጣ ብሎ አንድ ጠባብ ሱቅ ውስጥ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሚሰሩ ሽማግሌ አገኘን።

እሳቸው ጋ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆምን። ሸክላው ተገልብጦ ጉልበታቸው ላይ ነው፣ ከስር በኩል ከመሀል ጀምሮ እስከ ዳር ክብ ክብ እየሰራ ሚዞር ቦይ አለው። ሬዚስታንሱን፣ እንደ ስፕሪንግ የተጠቀለለውን ሽቦ፣ በሁለት ጣታቸው ሳብ እያረጉ እዛ ቦይ ውስጥ ያስተኙታል። ዝም ብለው አይስቡትም፣ መሀል ላይ ጠበቅ ዳር ላይ ላላ ካለ እንጀራው ዳሩ ጥሬ ይሆናል አሉን፣ እሳቱ እኩል ሚሆነው የሽቦው ዙር እኩል ሲሆን ነው። ከዛ በጄሶ ይለስኑታል። ጄሶው በደንብ ሳይደርቅ መብራት ላይ ከሰኩት ይሰነጠቃል፣ ሸክላውንም ይዞት ይሄዳል። ጥፍራቸው ውስጥ ሁሉ ነጭ ጄሶ ገብቷል።

ዲቫይደራችን እንደቀለጠ ስነግራቸው ሽቦውን አስቀመጡና ቀና ብለው አዩኝ።

«ልጄ ምጣድ በዲቫይደር ሰክታችሁ ነው?»

«አዎ ጋሼ፣ ሶኬቱ ስለራቀ...»

«ስንት ዋት ነው ምጣዱ?»

አላውቅም ነበር። እሳቸው ግን ሸክላውን እየነኩ አስረዱኝ፣ ትልቅ ምጣድ እስከ 4 ኪሎ ዋት ድረስ ይስባል፣ በኛ 220 ቮልት ሲካፈል 18 አምፔር ሊሆን ነው፣ ዲቫይደሩ ላይ ደሞ ብዙ ጊዜ 10 ነው ሚፃፈው፣ ጥሩ ከተባለም 16። ስለዚ የዲቫይደሩ ጥራት ብቻ አይደለም ችግሩ፣ ለዛ ስራ አልተፈጠረም። ምጣድ የራሱ መስመር ነው ሚያስፈልገው፣ ከቆጣሪው በወፍራም ሽቦ ተስቦ የራሱ ብሬከር ተደርጎለት። አዲስ ምጣድ ሊሸጡልኝ ይችሉ ነበር፣ ብሩ በእጄ ነው። እሳቸው ግን የናትሽ ምጣድ ደህና ነው፣ ለኤሌክትሪሻን ክፈዪ አሉኝ። እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ ይሄንን ሚያነብ ሰው ሁሉ ቤቱ ሄዶ ምጣዱ የት እንደተሰካ ይይልኝ።

ከዛው ላይ ለሮቶው ሚሆን ሴንሰር፣ እንደነዛ ሁለት ክቦች ርቀት በድምፅ ሚለካውን፣ ለልጁ ፈለግን። እርጥበት ማይነካውን አይነት ነው ያስፈለገን፣ ሮቦቱ ላይ ያለው ክፍት ስለሆነ ሮቶ ውስጥ እንፋሎት ያበላሸዋል። ሶስተኛው ሱቅ ላይ ተገኘ፣ ጭንቅላቱ እንደ ትንሽ ቁልፍ ነው፣ ረዥም ገመድ አለው። ዋጋ አልፅፍም፣ በየሳምንቱ ስለሚቀያየር ሰው ማሳሳት ይሆናል።

ሐሙስ

የስልክ ቀን። ከሜክሲኮ ጀምሬ ቸርችል ጎዳናን ይዤ እስከ ፒያሳ ወጣሁ፣ ስድስት ሱቅ ገባሁ መሰለኝ። ሁሉም ስለ ካሜራ ነው ሚያወሩኝ፣ ይሄ 50 ሜጋ ፒክስል ነው፣ ይሄ በጨለማ ያነሳል። እናቴ ማየት አትችልም ስላቸው ይደነግጡና ታዲያ ትንሿን የቁልፍ ስልክ ግዢላት ይሉኛል፣ ለማያይ ሰው ርካሹ ይበቃዋል እንደማለት ነው፣ ይሄ በጣም አበሳጨኝ። አንዱ ጋ ቶክባክ አብራልኝ ስለው ስልኩ ላይ መኖሩን አያውቅም፣ ሲያበራው ደሞ መዝጋት አቅቶት ተበላሸ ብሎ ተቆጣኝ። ሱቁን ስሙን አልጠራም ግን ልጁ ቢማር ደስ ይለኛል፣ ደንበኞቹ ውስጥ ስንት ማያይ ሰው አለ።

የገዛሁት ፒያሳ ነው። የመረጥኩበት ምክንያት ካሜራውም ሜሞሪውም አይደለም፣ የድምፅ ቁልፎቹ ከጎን ለየብቻ ተለይተው በጣት ይታወቃሉ፣ የኢርፎን ቀዳዳም አለው። ቶሞካ ገብቼ ቆሜ ቡና ጠጣሁ፣ ቤቱ እንደ ፈረንጆቹ ከ1953 ጀምሮ ነው ያለው፣ የቡናው ሽታ ከመንገድ ነው ሚጠራው፣ እዛው ቆሜ ካርቶኑን ከፈትኩት።

ማታ እህቴ ቤት አይኔን በነጠላ አስሬ ተለማመድኩ። መጀመሪያ እኔ ካልቻልኩት እማዬን እንዴት አርጌ ላሳያት? ቶክባክ ሲበራ ስልኩ ባህሪው ይቀየራል፣ ይሄን ያልነገሩት ሰው ስልኩ ተበላሸ ማለቱ አይቀርም። አንዴ ስትነኪው ያለበትን ያነባል እንጂ አይከፍትም፣ ለመክፈት ቶሎ ቶሎ ሁለቴ መታ መታ ነው። ወደ ላይ ወደ ታች ለመሄድ በሁለት ጣት ነው። ግራ ሲገባሽ ሁለቱን የድምፅ ቁልፎች አንድ ላይ 3 ሰከንድ ያህል ተጭነሽ መያዝ፣ ይጠፋል፣ እንደገና ስትይዥው ይበራል። መጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ያህል የትም መድረስ አልቻልኩም፣ የእህቴን ስም ፍለጋ ስሄድ ማስታወቂያ ውስጥ እገባለሁ፣ ላቤ መጣ። ነጠላውን ፈትቼ ልወረውረው ስል እማዬ ይሄን ነጠላ መፍታት እንደማትችል ትዝ አለኝና ተውኩት። ከዛ ቀስ ብዬ፣ ጣቴን ሳላነሳ ስክሪኑን ዳሰስኩት፣ «እቴቴ ልደታ» አለኝ። ያ የብረት ድምፅ። ሁለቴ መታ አደረኩ፣ ኩሽና ውስጥ የእህቴ ስልክ ጮኸ። ማልቀሴን ማንም አላየም፣ ነጠላው ስር ነኝ።

ሌላው ደሞ የጎግል ኪቦርድ ማይክ ነው። ከ2017 ጀምሮ እንደ ፈረንጆቹ በአማርኛ ይሰማል፣ «ስኳር አልቋል ስትመጪ ይዘሽ ነዪ» አልኩት፣ ቁጭ አርጎ ፃፈው። የሰው ስም ላይ ይሳሳታል፣ ጫጫታ ባለበትም አይሆንም፣ ኢንተርኔትም ይፈልጋል። ግን እማዬ ክፍል ውስጥ እያለሁ አጭር መልዕክት ልትልክልኝ ትችላለች ማለት ነው። የድሮዋን የቁልፍ ስልኳንም አልጥላትም፣ 5 ቁጥር ላይ ያለችውን ጉብ ያለች ነጥብ በጣቷ ታውቃታለች፣ 2 ቁጥርን ተጭና ስትይዝ ለኔ እንዲደውል አርጌ ሞልቼላታለሁ። ቻርጅ ካለቀ ወይ ኔትወርክ ከተጨናነቀ ሁለት መንገድ ይኑራት።

አርብ

ከእህቴ ቤት በላይ ያሉ እትዬ፣ ወገባቸውን ኦፕራሲዮን ከሆኑ አመት አልሞላቸውም፣ ልጃቸው ከዱባይ ቤት ሚጠርግ ሮቦት ልኮላቸዋል ተባለና ቡና ጠርተውን ሄድን። እውነቱን ለመናገር ለሀብታም መጫወቻ ነው ብዬ ነበር ምጠብቀው። ግን እትዬ ጎንበስ ማለት አይችሉም፣ መጥረጊያ አጎንብሶ ነው ሚያሰራው፣ ለሳቸው መጫወቻ አይደለም። ወለሉ ሴራሚክ ስለሆነ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ አናቱ ላይ ሚዞር ነገር አለው፣ በጨረር እየለካ የቤቱን ካርታ ይስላል፣ ሲደክመው ራሱ ሄዶ ቻርጀሩ ላይ ይቀመጣል። እንዲህ ያለ ሮቦት ገበያ ላይ በደንብ የታወቀው ሩምባ ሲወጣ ነው፣ 2002 ላይ እንደ ፈረንጆቹ፣ ያኔ ግን ካርታ አያውቅም ነበር፣ እየተጋጨ ነበር ሚሄደው።

ቡና ስለሆነ ቄጠማ ተጎዝጉዟል። ሮቦቱን ሲያበሩት ልጁ ሮጦ ቄጠማውን ሊያነሳ ሲል እትዬ ተዉት አሉ፣ ልምዳቸው ነው። ቄጠማው ጫፍ ላይ ደረሰ፣ ሁለት ሶስት ቅጠል ብሩሹ ላይ ተጠመጠመበት፣ ቆመና አቃሰተ። እትዬ በፀጉር ማበጠሪያቸው ቅጠሉን ከብሩሹ ላይ አወጡለት፣ እንደ ልጅ ነው ሚያበጥሩት። ከዛ የማያልፈው ሌላ ቦታ አሳዩኝ፣ መኝታ ቤት ያለው ጥቁር ምንጣፍ። ጫፉ ላይ ደርሶ ይመለሳል። ሆዱ ስር ደረጃ እንዳይወድቅ ወደ መሬት ጨረር ሚልክ ሴንሰር አለው፣ ጥቁር ነገር ጨረሩን ስለሚውጠው ጥልቅ ገደል ይመስለዋል። እትዬ ምንጣፉን በቡኒ ቀየሩት። ዕቃው ከቤቱ ጋር ሲላመድ ቤቱም ከዕቃው ጋር እንዲህ ይላመዳል።

ለእማዬ ግን አልገዛም። የኛ ቤት ከሳሎን ወደ ጓዳ ደፍ አለው፣ ግማሹም ሲሚንቶ ነው። ከዛ በላይ ደሞ እማዬ ወለሉ ላይ ምን የት እንዳለ በእግሯ ነው ምታውቀው፣ በራሱ ሚንቀሳቀስ ነገር እግሯ ስር መልቀቅ ማሰናከል ነው። እትዬ ያዩታል፣ እሷ አታየውም። ለአንዱ በረከት የሆነ ዕቃ ለሌላው አደጋ ሊሆን ይችላል፣ ይሄን ሻጭ አይነግርሽም።

ሁለተኛው ቡና ላይ መብራት ሄደ። ሳሎኑ ግን አልጨለመም፣ አምፖሉ በራሱ ቦገግ አለ። እቺን ነው ምፈልገው አልኩ፣ ውስጡ ባትሪ አለው፣ መብራት ሲኖር እየበራም ይሞላል ሲሄድ ከባትሪው ይበራል፣ ያለው ሶኬት ላይ ማሰር ብቻ ነው ኤሌክትሪሻንም አይፈልግም። አራት ልገዛ ወሰንኩ፣ አንዱ ለኩሽና ከሰሉ ጋ። ኢንቨርተርና ሶላር ቢሆንማ ደስ ባለኝ፣ የቲቪና የፍሪጅ ሀሳብ ሲመጣ እናየዋለን፣ ያኔ ግን ባትሪው ሊቲየም መሆን አለበት፣ የመኪና ባትሪ አይነቱን በተደጋጋሚ ከግማሽ በታች ካወረድሽው ቶሎ ይሞታል።

ስለ ልብስ ማጠቢያም አንድ ነገር ልበል፣ እህቴ ያላት ባለ ሁለት ገንዳውን ነው፣ አውቶማቲክ አይደለም። ኮንዶሚኒየሙ ውሃ በፈረቃ ነው ሚመጣው፣ አውቶማቲኩ ከቧንቧው በቂ ግፊት ካላገኘ ይቆማል፣ እቺ ግን በባልዲ ሲሞሉባትም ትሰራለች። ጎረቤቷ ውዱን ገዝታ ልብሷን እህቴ ጋ እያመጣች ታጥባለች።

ቅዳሜ

ጠዋት ፋርማሲ ሄደን የግፊት መለኪያ ገዛን፣ በክንድ ላይ ሚታሰረውን፣ የእጅ አንጓ ላይ ሚሆነው አቀማመጡ ትንሽ ከተዛባ ስለሚሳሳት ተውኩት። እንግሊዝኛ ሚናገር አለ አሉኝ፣ እማዬ እንግሊዝኛ አትችልም፣ ጠዋትና ማታ እኔው አነብላታለሁ። ቤት ስንገባ እህቴ አራት ፎቅ ደረጃ እንደወጣች ትንፋሿ ሳይመለስ አሰረችው፣ 151 አላት፣ ፊቷ ተቀየረ። መመሪያው ላይ ያለው ሌላ ነው፣ 5 ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥ፣ ጀርባ ተደግፎ፣ እግር ሳያጠላልፉ፣ ክንድ በልብ ትክክል ጠረጴዛ ላይ፣ ሳያወሩ። አስቀመጥኳት። 127 ሆነ። እማዬ ክሊኒክ ከፀሀይ ገብታ ወዲያው ስትለካ የነበረው ሁሉ ትዝ አለኝ፣ ያ ቁጥር ስንቴ አሳስቦናል። ቤት ውስጥ ሲለካ በተደጋጋሚ 135 በ85 ወይ ከዛ በላይ ከመጣ ነው ለሀኪም ሚነገረው፣ ደብተሯን ይዤ ነው ምሄደው።

ከሰዓት መታጠቢያ ቤቱ ላብራቶሪ ሆነ። ልጁ ሴንሰሩን መጥረጊያ እንጨት ላይ አስሮ ከበርሜሉ አናት ላይ አጋድሞታል፣ አርዱይኖው በላስቲክ ተጠቅልሎ የሳሙና ማስቀመጫው ላይ ነው። እኔ በጆግ እሞላለሁ እሱ ቁጥር ይጠራል። 61። 54። 40። 33። ውሃው እየቀረበ ሲመጣ ቁጥሩ ይቀንሳል፣ ደስ ሲል። ከዛ 26 አለ፣ ከዛ ጨምሬ ስሞላ ዝብርቅርቁ ወጣ፣ 80 ይላል 23 ይላል፣ በርሜሉ ሊሞላ ሲል እሱ ባዶ ነው ይለናል። ልጁ አፈረ፣ ጆሮው ቀላ። ገመዱን ነቀለ ሰካ፣ ኮዱን እንደገና አነበበ፣ ሶስቴ አፍስሰን ሶስቴ ሞላን፣ ወለሉ ሁሉ ውሃ ሆነ፣ እህቴም እየመጣች ታያለች ምንም አትልም።

ችግሩ ኮዱ ላይ አልነበረም። ይሄ እርጥበት ማይነካው ሴንሰር መላኪያውም መቀበያውም አንድ ጭንቅላት ነው፣ ድምፁን ከለቀቀ በኋላ ራሱ እየተርገበገበ ስለሚቆይ ከ20 ወይ 25 ሴንቲ በታች የቀረበውን አይሰማም። እንደ ደወል ነው፣ ደወሉ ራሱ ዝም ሳይል የሌላ ሰው ድምፅ አይሰማሽም። መፍትሄው ሴንሰሩን ከፍ ማድረግ ነው። ልጁ መጥረጊያውን በሁለት በርጩማ ላይ አነሳው፣ 30 ሴንቲ ያህል ከበርሜሉ አፍ በላይ፣ ሞላን፣ ቁጥሩ እስከ መጨረሻው ቀጥ ብሎ ወረደ። ሲሞላ ትንሿ ጩኸት ማሰሚያ ጮኸች። እኔና እሱ ተቃቀፍን፣ ሁለታችንም እርጥብ ነን።

ከዛ ስለ ድምፁ ተነጋገርን፣ ይሄ ለኔ ዋናው ነበር። አንድ አይነት ጩኸት ብቻ ከሆነ እማዬ ምን ማለቱ እንደሆነ አታውቅም። ስለዚ ውሃ መግባት ሲጀምር አንዴ ጢት፣ ግማሽ ሲደርስ ሁለቴ፣ ሊሞላ ሲል ቶሎ ቶሎ ሳያቋርጥ። ሌሊት ከአልጋዋ ሳትነሳ ውሃው የት እንደደረሰ ትሰማለች፣ ሚዘጋውን ጌት ቫልቭ በዳሰሳ ታውቀዋለች፣ ከበሩ ሰባት እርምጃ ነው፣ ቆጥራዋለች።

ደወልንላት፣ ጩኸቷን በስልክ አሰማናት።

«ይሄ ምንድነው ወፍ ነው?» አለች።

«የልጅ ልጅሽ የሰራልሽ ነው እማዬ፣ ውሃ ሲሞላ ሚነግርሽ።»

ዝም አለች፣ ከዛ ስልኩን ለሱ ስጪው አለችኝ። ምን እንዳለችው አልነገረኝም፣ አሜን አሜን ሲል ብቻ ነው የሰማሁት።

እሁድ

ሌሊት ተነስተን እህቴ በታክሲ እስከ ቃሊቲ ሸኘችኝ። አምፖሎቹን በልብሴ ጠቅልያቸዋለሁ፣ ስልኩ ጉያዬ ውስጥ ነው፣ የግፊት መለኪያው ከዳቦው ጋር። ሴንሰሩን ልጁ አልሰጠኝም፣ ከጣሪያው ስር ሚሰቀልበትን ብረት ሰርቶ በሚቀጥለው ሳምንት ሰው ሲመጣ ይልከዋል።

ዝዋይን አልፈን ስልኬ ጮኸ፣ የድምፅ መልዕክት ነው፣ ከሱ። «አክስቴ ስትደርሺ የአያቴን ሮቶ ቁመት በሴንቲ ሜትር ለክተሽ ላኪልኝ፣ ከውስጥ ነው እሺ፣ ከክዳኑ ስር እስከ መሬቱ። የክዳኑንም ስፋት። እንዳትረሺ ደሞ ከሮቶው እስከ አልጋዋ ስንት ሜትር እንደሆነ፣ ገመዱን በዛ ልክ ነው ምቆርጠው።»